የፍራሹ ዘፈን

አሮጊቷ ዘፋኝ አርባ ዓመት ሙሉ ግጥም የምትለቅመው ከቤቷ ነበር፤ የባሏን ኩርፊያም የጎረቤቷን ሐሜትም ዜማ አድርጋዋለች። ባለፈው ወር ደግሞ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጇ ፍራሽ ማርጠቧን በቀልድ ገጥማ በሬዲዮ ዘፈነችው። ስም አልጠራችም፤ ግን የማን አያት እንደሆነች ማን ያጣዋል?

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ አልጋ ሥር ገባች።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?»

«ክፍሉ በሙሉ ዘፈንሽን ዘፈነብኝ! እናቴ እንኳ ከአባቴ ደብቃልኝ ነበር፤ አንቺ ለአገር ነገርሽው!»

አያት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጠዋት እኮ፣ ልጆች በየመንገዱ ሲዘፍኑት ሰምታ ደስ ብሏት ነበር!

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልትዘፍን መድረክ ላይ ስትወጣ፣ አዳራሹ ያንኑ ዘፈን በጭብጨባ ጠየቀ። በዕድሜዋ አንድ ስንኝ ስታ የማታውቀው ሴትዮ ጊታሯን ጭኗ ላይ አስተኛች።

«ግጥሙ ጠፋኝ፣ ልጆቼ» አለች።

«ውይ፣ በቃ ጃጀች!» አለ አንዱ ከፊት ወንበር። አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ቢሆንም አላስተባበለችም። በልጅቷ ከሚስቁ በእሷ ይሳቁ።