ሰማያዊዋ ነጥብ

አቶ ጥሩሰው ደሳለ በላሊበላ ከተማ ርእሰ መምህር በነበሩበት ዘመን፣ ጠንቋይ ቤት የሚመላለስ ወላጅ ሲያጋጥማቸው ተማሪዎች በተሰለፉበት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር አቁመው ይገሥጹት ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን የገዛ ቤታቸውን በር ከውስጥ ቀርቅረው፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርደው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺሃረግ ጎን ተቀምጠው፣ መልኳን አይተው የማያውቋት አዋቂ በስልክ እስክትደውል ይጠባበቁ ነበር።

የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጃቸው ፍቅርአዲስ በሕይወት አለች ወይስ የለችም?

ፍቅርአዲስ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ጦርነቱ መጥቶ ጎብኝ ሲጠፋ ሆቴሉ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ እሷም ከጓደኞቿ ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ ዓረብ አገር ለመግባት ተነሣች። ከመሄዷ በፊት ፊደል ያልቆጠሩትን እናቷን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላክና መስማት አስተማረቻቸው። «እማ፣ ከድምፁ አጠገብ ይህች ሰማያዊ ነጥብ ካለች ገና አልሰማሽኝም ማለት ነው። የሰማሽኝ እንደሆነ ትጠፋለች» ብላ ጣታቸውን ይዛ አሳየቻቸው። የመጨረሻው መልእክቷ ከባሕሩ ዳር የተላከ ነበር። «እማ፣ ዛሬ ባሕሩን አየሁት። ድንጋዩ ከሥር ድረስ ይታያል፤ እንዲህ የጠራ ውሃ አይቼ አላውቅም» ትላለች። ከዚያ በኋላ አንዲት ጀልባ ተገለበጠች የሚል ወሬ መጣ። እነማንን እንደጫነች የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

ዘመድ ወዳጁ ልቅሶ እንዲቀመጡ ይወተውታቸው ጀመር። ወይዘሮ የሺሃረግ «ልጄን በወሬ አልቀብርም» ብለው ድርቅ አሉ። የንስሐ አባታቸው መምሬ አረጋ ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ «እኔ እግዜር በሕይወት ያኖራትን ልጅ አልፈታም። የሞተችም ከሆነ ያለ ፍትሐት ትቅር አልልም። መርዶ ሲደርሳችሁ ጥሩኝ» ብለው ሄዱ። መርዶ ግን የሚያደርስ ሰው አልነበረም።

በዚህ መካከል ነው ወይዘሮ የሺሃረግ ጸበል ላይ ካገኟቸው ሴቶች ዘንድ በስልክ ኮከብ ስለምትገልጥ ሴት የሰሙት። አቶ ጥሩሰው መጀመሪያ ተቆጡ። ባለቤታቸው እህል መቅመስ ሲያቆሙ ግን እሺ አሉ፤ እሺ ያሉትም አምነው ሳይሆን የሴቲቱን ውሸት በባለቤታቸው ፊት ለማጋለጥ ነበር።

ስልኩ ጠራ። በመስታወቱ ላይ አንዲት የወርቅ ቀለም ኮከብ እንጂ የሰው ፊት አልታየም። ድምፁ የወጣት ሴት ነው፤ የደከመ ድምፅ። ከበስተጀርባዋ ሕፃን ያስላል።

«እንደምን ዋላችሁ፣ አባባ፣ እማማ። ማንን ነው የምትፈልጉት?»

«ልጄን!» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። «ባሕር ልትሻገር ወጥታ የቀረች ልጄን።»

«አይዞዎት እማማ። የክርስትና ስሟንና የእናቷን ስም እፈልጋለሁ። በአፍ እንዳትጠሩት፤ ጻፉልኝ።»

የአቶ ጥሩሰው እጅ በስልኩ ላይ ቆመ። በላስታ የልጅ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። እሱን ከእናት ስም ጋር ያገኘ ሰው በልጁ ላይ የፈለገውን ያደርጋል ይባላል፤ አቶ ጥሩሰው ይህንንም እንደ ተረት ሲያጣጥሉት የኖሩ ሰው ናቸው። ዳሩ ግን ጣታቸው የልጃቸውን ስም አልጽፍ አላቸው። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። በልጅነታቸው የሞተችባቸው ውባንቺ የምትባል እኅት ነበረቻቸው። የእሷን የክርስትና ስምና የገዛ እናታቸውን ስም ጻፉ። የሞተን ሰው ማንም ሊጎዳው አይችልም፤ አዋቂዋም «ልጃችሁ በሕይወት አለች» ያለች እንደሆነ ውሸቷ እዚያው ይጋለጣል። ባለቤታቸው ጽሑፉን ቢያዩም አያነቡትም።

ሴቲቱ ለብቻዋ ስትቆጥር ተሰማች። ሕፃኑ አሳለ። ከዚያ ቆጠራው ተቋረጠ።

«አለሽ?» አሉ አቶ ጥሩሰው በፌዝ። «ወይስ ኔትወርኩ ነው ኮከቡን የጋረደው?»

«አለሁ አባባ። ልነግራችሁ ከብዶኝ ነው።»

«ንገሪኝ!» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

«ኮከቧ ውሃ ነው። እስትንፋስ አይታየኝም። ደፍራሽ ውሃ አለ፤ ጭቃና እንጨት ጠርጎ የሚሄድ። አንገቷ ላይ ክር አለ፤ ክሩ አንድ ነገር ይዟታል። እማማ፣ ይህች ልጅ የለችም።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ድምፅ ሳያሰሙ ከመደቡ ተንሸራተው መሬት ተቀመጡ። አቶ ጥሩሰው ግን ባለቤታቸውን የሚያነሣ ጉልበት አላገኙም። ውባንቺን የወሰዳት የክረምት ጎርፍ ነው። ያገኟትም ከወንዙ በታች፣ ማተቧ በወይራ ሥር ተጠላልፎ ነበር።

«የሺ» አሉ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው። «የሺ፣ ተነሺ። የእሷን ስም አልጻፍሁም። የውባንቺን ነው የጻፍሁት።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ቀና ብለው አዩዋቸው። የውባንቺን አሟሟት ያውቁታል። ቁጣ ጠብቀው የነበሩት አቶ ጥሩሰው በባለቤታቸው ፊት ላይ ያዩት ግን ከቁጣ የከፋ ነገር ነው። ፊታቸው በተስፋ ተሞልቶ ነበር።

«እንዲያ ከሆነ እውነተኛ ናት» አሉ በሹክሹክታ። «የልጄን ስም ጻፉላት።»

«በአጋጣሚ ይሆናላ! ባሕር ልትሻገር የወጣች ልጅ አልሻት፤ ውሃ ሳትል ምን ትበል? ማተብስ የማን ክርስቲያን አንገት ላይ ይጠፋል?»

«ደፍራሽ አለች እኮ። ልጄ ባሕሩ የጠራ ነው ብላኛለች።»

አቶ ጥሩሰው የጻፉትን የእኅታቸውን ስም ደግመው አነበቡት።

«አንቱ ሰው፣ ለሞተችው ሲሆን እጅዎ ፈጥኖ ነበር። አሁን ምን ያዘዎት?»

አቶ ጥሩሰው ጻፉ። እያንዳንዱን ፊደል ሲነኩ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ወደ ጨለማ ቤት የሚያስገቧት መሰላቸው። ሴቲቱ ስሙን ካየች በኋላ፣ «ይኸኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ በድምፅ እልክላችኋለሁ። አባባ፣ የቀድሞው የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። አቶ ጥሩሰው ስልኩን ዘጉት።

መልእክቱ በማግሥቱ ጠዋት ደረሰ። አጭር ነው፤ ከጎኑም ሰማያዊዋ ነጥብ ቁጭ ብላለች። ወይዘሮ የሺሃረግ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ካዩት በኋላ በጥንቃቄ ለባለቤታቸው አስረከቡ።

«እንዲሁ አልሰማውም። ነአኩቶ ለአብ ወርጄ ጸበሉን ጠጥቼ ልምጣ፤ የመጣውን እችለው ዘንድ። ስመጣ አብረን እንሰማዋለን። አደራ።»

«አደራ» አሉ አቶ ጥሩሰው።

ከባለቤታቸው ጋር ወርደው አስፋልቱ ድረስ ሸኟቸው፤ ባጃጁ ከዓይናቸው እስኪሰወርም ቆሙ። ከተመለሱ በኋላ ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ። ጌሾውን ኮተኮቱ። ተመልሰው ገቡ። ነጥቧ አለች። ደግመው ወጡ። ወታደር በከተማው ሲገባና ሲወጣ ከቤታቸው ያልተነቃነቁት ሰው፣ መዳፍ በምታህል ዕቃ ከክፍል ወደ ክፍል ይባረሩ ጀመር። ልጄ ሞታ ከሆነ የሺ ይህን በባዶ ሆዷ ሰምታ ትወድቅብኛለች፤ አስቀድሜ ሰምቼ ባዘጋጃት ይሻላል ሲሉ ራሳቸውን አሳመኑ። ምክንያቱ ያ እንዳልነበረ ያውቁታል። መጠበቁን መቻል አቅቷቸው ነው።

ተጫኑት።

በመጀመሪያ የመጣው የትንፋሽ ድምፅ ነው፤ ሰው ከባድ ነገር ሊያነሣ ሲል እንደሚተነፍሰው ያለ። ከዚያም «አባባ...» አለች ሴቲቱ።

አጠፉት።

ያቺ አንዲት ቃል ቤቱን ሞላችው። አባባ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ደስታ ያለው ሰው ቀስ ይላል? መርዶ ያለውስ ስም ጠርቶ ይጀምራል? ትናንት «አለሁ አባባ» ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደነበረ ለማስታወስ ደከሙ። አንዴ የዛሬው የሳቀ መሰላቸው፤ መልሰው ሲያስቡት የተሰበረ ሆነባቸው። ደግመው ለመስማት ጣታቸውን ዘረጉና ሰበሰቡት። ነጥቧ ጠፍታለች። መልሶ የሚያመጣት መንገድ ቢኖር ብለው በመስታወቱ ላይ ያለውን ሁሉ ነካኩ፤ አልተመለሰችም።

የውጭው በር ሲንኳኳ እዚያው እንደተቀመጡ ነበሩ። ወይዘሮ የሺሃረግ የጸበሉን ጠርሙስ እንደያዙ ገቡ፤ መንገዱ ፊታቸውን አቅልቶት፣ የበረቱ መስለው ነበር። ስልኩን ተቀበሉና አዩት።

«ነጥቧ የለችም።»

«የሺ፣ አልሰማሁትም።»

«ነጥቧ የለችም እኮ!»

«አንዲት ቃል ብቻ ናት። አባባ አለችኝ፤ ከዚያ ዘጋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ዘጋሁት አልሁሽ።»

«አንቱ ልጄ አለች የሚል ወሬ የሚዘጉ ሰው ነዎት?»

አቶ ጥሩሰው ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አሸሹ። ወይዘሮ የሺሃረግ ቀረብ ብለው ፊታቸውን መረመሩት፤ ግንባራቸውን፣ ዓይናቸውን፣ አገጫቸውን። እዚያ ያለው ፍርሃት ብቻ ነበር። ፍርሃትና መርዶ ግን በአንድ ፊት ላይ ሲቀመጡ አይለዩም።

ስልኩን መደቡ ላይ፣ የጸበሉን ጠርሙስ መሬት አኖሩት። ነጠላቸውን ገፈፉ፤ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ሐዘንተኛ እንደሚያጣፋው አጣፉት።

«ቆዪ የሺ፤ እንስማው» ሊሉ ፈለጉ። ስልኩ መደቡ ላይ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ ይደርሳሉ። የባለቤታቸውን ሐዘን ስሕተት ነው ለማለት የቀረውን መልእክት መክፈት ይኖርባቸዋል፤ የቀረው ደግሞ ስሕተት እንዳልሆነ ቢነግራቸውስ? እጃቸው ከጉልበታቸው አልተነሣም።

ዋይታው ከቤቱ ወጣ። ጎረቤት እየሮጠ መጣ፤ ሴቶቹ ወይዘሮ የሺሃረግን ከበው ደረታቸውን እንዳይደቁ እጃቸውን ያዙ። ትንሽ ቆይቶ መምሬ አረጋ መስቀላቸውን ጨብጠው እያለከለኩ ደረሱ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። «መርዶውን ማን አመጣው?»

ወይዘሮ የሺሃረግ እጃቸውን ከያዟቸው ሴቶች አላቅቀው ወደ ባለቤታቸው ጠቆሙ።

«እሳቸው።»

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ጥሩሰው ዞረ። ስልኩ ከጎናቸው፣ መደቡ ላይ፣ ጠቁሮ ተቀምጧል።