ባሕር ሲወርዱት

ላስታ ላይ መውረድ ማለት ወደ ሙቀት መሄድ ነው። ከደጋ ወይናደጋ፣ ከወይናደጋ ቆላ፤ ዝቅ ባሉ ቁጥር ጋቢው ከትከሻ ይነሳል፣ ወባው ይመጣል። የብልባላዋ ውባንተ ሌላ ዓይነት መውረድ አታውቅም። ስለዚህ ልጇ ደሳለ ከጅቡቲ ማዶ ጀልባ ተገልብጦበት ባሕር ከገባ ወዲህ፣ ከቆላ ሁሉ በታች ባለ ቆላ ሲቃጠል ይታያታል። ዓመቱ ሲቃረብ ተዝካሩን አውጪ ቢሏት፣ እሱ እዚያ እየነደደ እኔ እዚህ ጠላ ልጠምቅ ወይ ብላ ቄሱንም ጎረቤቱንም አሳፍራ መለሰች። ግትር ናት፤ አገር ያወቀው ነው።

ቤቷን የተከራየው የሳይንስ መምህር ይታገሱ አንድ ከሰዓት የማዳበሪያ ከረጢት ግድግዳዋ ላይ ወጥሮ፣ ለተማሪዎቹ የባሕርን ሥዕል ይቀባ ጀመር። ውባንተ ምስር እየለቀመች ታየዋለች። ላዩ ሰማያዊ ነው፣ ዓሣው በመንጋ ይሄዳል። ዝቅ ሲል ይደበዝዛል፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ብቻ ነው።

የታችኛውን ሙቀት በምን ቀለም እንደሚሥለው ጠየቀችው።

ይታገሱ ብሩሹን እንደያዘ ዞረ። ስለ ደሳለ ሰምቷል።

«ሙቀት የለም፣ እትዬ ውባንተ። ባሕር ሲወርዱት ደጋ ነው። ፀሐይዋ ላዩን ብቻ ታሞቃለች፤ ታችኛው እንደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ብርድ ነው።»

ምስሩ እጇ ላይ ቀረ። ያ ልጅ ድሮም ሙቀት አይችልም ነበር። በዚያ ጨለማ ነፍስ ያለው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ሞልቷል አላት፤ ብርሃኑን ከገዛ ገላው የሚያወጣ ዓሣ አለ፣ አጥንት የሌለው፣ እንደ ነጠላ የሚንሳፈፍም አለ።

«ፀሐይ ከሌለ ምን ይበላሉ?»

«ከላይ የሚወርድላቸውን ነው። ላይ ካሉት የተረፈው ፍርፋሪ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ በዚያ ይኖራሉ።» ፍርፋሪው የሞተ ገላም እንደሆነ ያውቃል፤ እሱን ዘለለው።

ውባንተ ጥቁሩን ትክ ብላ አየችው። ደሳለን አየችው፤ አይቃጠልም። ብርዱ ላይ ተኝቷል፣ ትንንሽ መብራቶች በአጠገቡ ያልፋሉ፣ ከላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ዝም ብሎ ይወርድለታል።

«ይደርሳል?» አለች።

«ይዘገያል እንጂ ይደርሳል።»

ሰፌዱን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ዓመት ሙሉ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣላት። እያለቀሰች ለተዝካሩ ጠላ ብቅል ገብስ ነከረች።