ዘጠኝ ፍየል

ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ዌርሃውስ ስሠራ አድሬ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ የካውንቲው እርሻ ቢሮ ደረስኩ። እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ባሌ ሞገስ ኮፍያውን አውልቆ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ በር ላይ ይጠብቀኛል።

ሞገስ እዚህ ፈረንጅ አገር ገጠር ውስጥ መሬት ተከራይቶ ፍየል ያረባል፤ ለበዓል ለአበሻ ይሸጣል። ዘንድሮ ዝናብ የሚባል ጠፋና ሳሩ ነደደ። ድርቆሽ የምንገዛው በእኔ ኦቨርታይም ነው፤ እሱም አልበቃ አለ። መንግሥት ድርቅ ለመታው አርቢ አምና ባስመዘገበው የፍየል ቁጥር ድጎማ ይከፍላል አሉን። ድርቆሽ ሻጩም የድጎማውን ወረቀት ካየ በዱቤ እሰጣለሁ ብሏል። ወረቀቱን ካላገኘን ቅዳሜ ፍየሎቹን ጨረታ ወስደን ባወጡት ዋጋ መሸጥ ነው። የሞገስ የሰባት ዓመት ልፋት በአንድ ቀን አለቀ ማለት ነው።

የቢሮው ሠራተኛ ሴትዮ ኮምፒውተሯን አየችና «ዘጠኝ ፍየል» አለች።

«ኧረ ሠላሳ ናቸው!» አልኳት። ሞገስ ጫማውን ያያል።

«አንተ፣ አምና ስንት ብለህ ነው ያስመዘገብከው?»

«ዘጠኝ።»

«ለምን?»

«የጠየቀኝ የመንግሥት ሰው ነዋ፣ የሺ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሴትዮዋ አማርኛ የምትሰማ ይመስል። «አባቴ ግብር ገማች መጣ ሲባል በሬዎቹን ጎረቤት ጋ ነበር የሚያሳድራቸው። ለመንግሥት ሰው ሙሉውን ይነገራል እንዴ?»

በስመ አብ! ይሄኛው እኮ የሚቆጥረው ሊሰጥ ነው! መጮህ አማረኝ፤ አቅሙን ከየት ላምጣ። «ተሳስቶ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት።

ደግ ሴት ናት። የአምና የክትባት ሪሲት ካለ ይስተካከላል አለች። ተመስገን አልኩ። የሞገስ ፊት ግን አመድ መሰለ።

«ሌላ ቀን እናምጣው» አለ።

«ቅዳሜ ጨረታ ሆኖ ምን ሌላ ቀን አለ?» ብዬ ራሴ ወጥቼ ከእሱ ፒካፕ አመጣሁት።

ሴትዮዋ አነበበችና ፈገግ አለች። «አርባ ስድስት!»

ተቀብያት ራሴ አየሁት። አርባ ስድስት። ካቻምና «ከሠላሳ አንዲት እንዳታልፍ፣ ደክሞኛል» ብዬው፣ እሺ ብሎኝ ነበር። እርሻውን የማየው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ልቁጠር ስል ደግሞ ከብት አይቆጠርም ይለኛል። በሳምንት ስድስት ቀን ካርቶን እየተሸከምኩ፣ የማላውቃቸውን አሥራ ስድስት ፍየሎች ሳበላ ከርሜያለሁ። ለካ ለሞገስ እኔም መንግሥት ነኝ!

የተናደድኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ሆዴ ነው የባሰው።

ሞገስ ፈረመ፤ ወረቀቱን ተቀበልን። እኔ መንዳት ስላቃተኝ መኪናዬን እዚያው ፓርክ አድርጌ ከእሱ ጋር ገባሁ። ድርቆሽ መሸጫው ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ፤ ግን አልወረደም።

«የሺ።»

«ምን?»

«አርባ ስምንት ናቸው። ትናንት ሁለት ተወልደዋል።»

ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ሳልጠይቀው ሙሉውን ሲነግረኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ማልቀስ አማረኝ፤ ለሱም ደክሞኛል።