ያልተውለበለበው ባንዲራ

«ታዲያ ባንዲራውን ሰጥተህ ነበር?» አለ የመርማሪው ድምፅ።

«ሰጥቻለሁ። አረንጓዴውን። ከዚያ ነው ፋኖሷን ላስተካክል ብዬ ብድግ ያልኩት» አለ አልጋው ላይ የተኛው ሰው።

መርማሪው ቀጥሎ ምን እንዳለ ባቡር ነጂው ዛሬ በውል አያስታውሰውም። «ጥንቃቄ» የምትል ቃል ነበረችበት መሰለው፤ ወረቀት ሲገለጥም ሰምቷል። እሱ በሆስፒታሉ ኮሪደር ገርበብ ካለው በር አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ብዙው ተረስቶታል፤ «ሰጥቻለሁ» የምትለዋ ግን ጆሮው ውስጥ እንደተሰነቀረች ቀረች። ውሸት ነበረቻ! ውሸት መሆኗን የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ሰዎችና እግዜር ብቻ ናቸው። በሩን ገፋ አድርጎ «አልሰጠኝም፤ ሳላይ ነው የተነሳሁት» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ባርኔጣውን ይዞ ወጣ።

አልጋው ላይ የተኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። በጭነት ባቡር ላይ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ እሱ ከፊት ሞተሩ ላይ፣ ወንድምየው ከአርባ ፉርጎ ወዲያ፣ በመጨረሻዋ የጠባቂ ፉርጎ ውስጥ። የሥራ ባልደረቦቻቸው አንዱን «ቀንዱ»፣ ሌላውን «ጭራው» ይሏቸው ነበር። «በሬውስ የታለ?» የሚል ነገረኛ ሲመጣ፣ ጭራው «በሬውማ እኛ ነን፤ እየጠመዱን አይደል?» ይል ነበር።

ለማያውቀው ሰው የጭነት ባቡር ሥራ መጎተት ይመስለዋል። ሥራው ያለው አነሳሱ ላይ ነው። በየፉርጎው መጋጠሚያ መሃል ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለች። ሞተሩ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ አንደኛው ፉርጎ ይሳባል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ወደ ኋላ ይሮጣል። ከፊት ላለው ሰው ምንም ያልመሰለው ነገር ከኋላ ያለውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ስለዚህ ደህና ነጂ የተኛ ሕፃን ላይ ብርድ ልብስ እንደሚስብ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ከመነሳቱም በፊት አንገቱን አውጥቶ ከኋላ አረንጓዴ ባንዲራ መውለብለቡን ያያል። ባንዲራው «ተቀምጫለሁ፣ ይዣለሁ፣ ሂድ» ማለት ነው።

አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደወል ጭነው ሁለት ቀን ተጓዙ። ደወሉ የተጫነው ከጭራው ፉርጎ ፊት ነበር፤ ነጂው ሸካራ አነሳስ በተነሳ ቁጥር ይጮህበታል። ሲደርሱ ጭራው ሐዲድ ሐዲዱን እየተራመደ መጣና ጣቶቹን አሳየው።

«ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው። ሁለቱን ምሬሃለሁ። በሦስተኛው ግን ሻዬን ሱሪዬ ላይ ደፍተህብኛል።»

ነጂው በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ ምስጋና አላገኘም።

ያን የክፉ ቀን የጫኑት ሲሚንቶ ነበር። የጭነት ባቡር ለሁሉም መንገድ ይለቃል። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ የሰው ባቡር እስኪያልፍ ተብለው ከጠዋት እስከ ቀትር ተገተሩ፤ አንዱ አለፈ ሲሉ ሌላው ይመጣል። የጣቢያው ሹም መስኮቱን ተደግፎ፣ «እናንተማ ዶሮም ብትመጣ ታሳልፋላችሁ» ብሎ ሳቀበት። ነጂው ደሙ ፈላ። መንገዱ ሲለቀቅለት አንገቱን አላወጣም። መንጃውን ሳበው። ቋቋታው እየበረታ ወደ ኋላ ሲሮጥ ሰማው፤ ሊመልሰው ግን አይችልም። ጭራው የፉርጎው መውጫ ላይ ቆሞ የኋላዋን ፋኖስ እያሰረ ነበር። በወገቡ ሐዲዱ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም።

ነጂውም ከዚያ ቀን በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወደ ኋላ ሳያይ ተነስቶ አያውቅም። የሚያየው እጅ ግን የሌላ ሰው ነበር።

እህትየው፣ የነጂው ሚስት፣ ወንድሟን ቤቷ አስገብታ መስኮት ያለውን ክፍል ሰጠችው። አጠበችው፣ አገላበጠችው፣ አጎረሰችው። ስታገላብጠው ታዲያ ምላሷ አያርፍም። «ባንዲራ ሰጥቶ ብድግ የሚል ሰው! ድሮም ቀዥቃዣ ነህ!» ትለዋለች። ጭራው ይስቃል። ነጂው ደግሞ አንድ ነገር የጠፋው ይመስል ወደ ጓሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን አልጋው ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ ጭራው «የሆድህን በሆድህ» ብሎ አስነሳው። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሳም።

አሁን ሐኪሙ በቀን የሚቆጠር ጊዜ እንደቀረው ነግሯቸዋል። ከሰዓት በኋላ ነው። እህትየው ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዛ ገባች፤ ፊቱን ጠረገችለት፣ ፎጣውንም እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ስማኝ ወንድሜ። በዚያ ነገር ብዙ ተናግሬሃለሁ። ብሽቀት ነው፤ እያየሁህ አንጀቴ እያረረ ነው። ራስህን እየወቀስክ እንዳትሄድብኝ። ይቅር ብዬሃለሁ። እግዜርም ይቅር ይበልህ።»

«አሜን እትዬ። እኔም ሾርባው ላይ ጨው ስለምትሰስቺው ይቅር ብዬሻለሁ።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባትና ሳህኑን ይዛ ወጣች።

ነጂው የአልጋውን ብረት ጨበጠ።

«ልነግራት ነው።»

«አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተ ሰው።»

«ዛሬውኑ ነው የምነግራት።»

«ግድ ካለህ ከሞትኩ በኋላ ንገራት።»

«ያን ጊዜ ያለ ጥፋትህ የሰደበችህን ማንን ይቅርታ ትጠይቅ? አፈሩን?»

ጭራው ዓይኑን ጨፈነ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ቀንዱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ተኝቼ ምን ሠራሁ? ጣራ አየሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሠራሁት። እህቴ ባሏ አልታሰረባትም፤ ልጆቿ ያለ አባት አላደጉም። ቀኑ አልገፋ ሲለኝ ይህችን እያሰብኩ ነው የገፋሁት። እሷኑ ልትነጥቀኝ ነው?»

ነጂው ያን ሁሉ ዓመት ዝምታውን የራሱ ሸክም ብቻ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ ለሌላው ሰው ሀብቱ እንደሆነ አንድም ቀን አልመጣለትም። ቢናገር ይነጥቀዋል፤ ዝም ቢልም ያላጠፋውን ጥፋት አሸክሞ ይቀብረዋል። በልቡ «አንተ ታውቃለህ» አለ፤ ለማን እንዳለው የታወቀ ነው።

«አሁን የሰማኸው ይቅርታ የእኔ ነው» አለ ዝግ ብሎ። «በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ጭነት ነው ፈርመህ የተረከብከው። ይዘኸው ልትሄድ ነው፤ እኔ ግን ከእሷ ጋር እቀራለሁ። ሳህን ባቀረበችልኝ ቁጥር እንደ ሌባ ነው የምጎርሰው። እኔን ይቅር አትለኝ ይሆናል። አትበለኝ። ግን ልጠይቃት።»

ከጓሮ እህትየው ውሃውን ስትደፋ ተሰማ፤ ከዚያም ፎጣ ስትጨምቅ።

«ትጮህብሃለች» አለ ጭራው።

«ትጩህ።»

«ታስወጣሃለች። በዚህ ዕድሜህ የት ልትገባ ነው?»

«አላውቅም።»

የጭራው እንባ በጆሮው ግንድ በኩል ትራሱ ላይ ወረደ፤ እጁን አንስቶ ለመጥረግ አቅም አልነበረውም፤ ነጂው በመዳፉ ጠረገለት።

«እንግዲያው ባዶ እጄን ልሄድ ነው።»

«ሁላችንም ባዶ እጃችንን ነው የምንሄደው፣ ወንድሜ።»

ፎጣው ገመድ ላይ ሲሰጣ ገመዱ ሲጥ አለ። የእህትየው እርምጃ ወደ በሩ ሲቀርብ ጭራው ዓይኑን ገለጠ።

«በል ጥራት» አለ። «ብቻህን ግን አትነግራትም። ቀና አድርገህ ደግፈኝ፤ የእኔን ውሸት እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»