አንድ እግር ጫማ

ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንዱ እግሩ አጭር ነው። በአራት ቀጠሮ ውስጥ የትኛው ጫፍ ላይ ቢቀመጡ እንደማይንገጫገጭ ለይቻለሁ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም ይጮኻል። ሐኪሙ «ይለምዱታል» ብሎኛል።

ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ አጠገቤ ቆመ።

«ሲስተር፣ ነገሩ አንድ ቃል ላይ ነው የተንጠለጠለው። የአምቡላንስ ሠራተኛን በሥራ ላይ እያለች የመታ ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በታች አይፈረድበትም። ከሥራ ውጭ ከሆነች ግን ተራ ድብደባ ነው፤ መቀጮውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠበቃው የያዘው ይህንኑ ነው። ታማሚዋን ያስረከብሽበት ፊርማ ስድስት ሰዓት ከአርባ ይላል። የተመታሽው ከአምሳ ሁለት ላይ ነው።»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ» አልኩ።

«ቃሬዛውን ልወስድ ስመለስ ነው በይ። ቃሬዛ የሥራ ዕቃ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። የጫማውን ነገር ተዪው።»

ሾፌራችን ከጎኔ ራሱን ነቀነቀ። ፍሬን መርገጥ ስለማይወድ «ፍሬን» እንለዋለን።

«ስሚው፣ እናቴ ትሙት ስሚው! ነግ በእኔ ነው ይሄ። ባለፈው ወር የሌላኛውን አምቡላንስ ሾፌር በድንጋይ ሲፈነክቱት ማን ጠየቀ?»

«አንተ የምትነዳው መስሏቸው ይሆናል» አልኩት።

ሳቀ፤ ግን ብዙም አልቆየበትም።

ፊት ለፊታችን የተከሳሹ እናት ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ያን ቀን ልባቸውን አሟቸው ከአራተኛ ፎቅ በቃሬዛ ያወረድናቸው እሳቸው ናቸው። ሕንጻው ሊፍት የለውም። ለክትትል ሲሄዱ በጀርባው አዝሎ የሚያወርዳቸው ልጃቸው ነው፤ ከእሱ ሌላ ሰው የላቸውም። ሰላም ልላቸው ስጠጋ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሥራዬን ጨርሼ ወደ ቤቴ ስሄድ ነበር ብትያቸው ምን ይጎድልሻል?»

ምን እንደሚጎድለኝ አላወቅኩም። ሳላስበው ጣቶቼ አንጓቸው ላይ አርፈው የልብ ምታቸውን ይቆጥሩ ነበር።

ተጠርተን ገባን። ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው «ካስረከብሽ በኋላ ለምን ተመለስሽ?» አሉኝ።

«ቃሬዛው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። «ወደ ቤቴ» የሚለውም። ሁለቱም ውሸት ነበሩ፤ ውሸት ደግሞ ማስታወስ ይፈልጋል፣ እኔ ደክሞኛል።

«ጫማ ልመልስ ነው» አልኩ። «አምቡላንሱን ስናጸዳ የታማሚዋን አንድ እግር ጫማ ከመቀመጫው ሥር አገኘሁት። ይዤው ተመለስኩ። ልጃቸው ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ‹እንካ› ብዬ ዘረጋሁለት።»

«ከዚያስ?»

«መታኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቃው ብድግ አለ።

«ጫማ መመለስ በሥራ ዝርዝርዎ ውስጥ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ አልነበሩም።»

«ታማሚዋ አንድ እግራቸው ባዶ ነበር» አልኩ። «ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ዳኛዋ መጻፍ ጀመሩ። እዚያ ላይ ባቆም ይበቃ ነበር።

«አንድ የቀረኝ ነገር አለ» አልኩ። «እኛ ለቤተሰብ ዕቃ ስንሰጥ አስቀድመን ‹ደህና ናቸው› እንላለን። የሞተ ሰው ዕቃም የሚወጣው እንደዚያው በእጅ ተይዞ ነው፤ ቤተሰብ የሚያየው ደግሞ መጀመሪያ እጃችንን ነው። ያን ቀን ስድስተኛ ጥሪያችን ነበር። ደክሞኝ ‹እንካ› ብቻ አልኩት።»

ተከሳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«አባቴ የሞተ ዕለትም ጫማውን ነው ያመጡልኝ» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። ጫማውን መመለሴ ሥራ ነው ተባለ። የጨመርኩትን ቃል ዳኛዋ ማቅለያ አድርገው ያዙለት፤ ከመነሻው ቅጣት በታች መውረድ ግን ሕጉ አይፈቅድላቸውም። አንድ ዓመት ተኩል። ሲወስዱት ወደ እናቱ እንጂ ወደ እኔ አላየም።

«ማሸነፋችንንም መሸነፋችንንም አላወቅኩት» አለ ፍሬን፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። «ተመትታ የራሷን ጥፋት የምትናዘዝ ምስክር ዛሬ አየሁ። መኪናው ውስጥ ነኝ።»

እናትየው አግዳሚው ላይ ነበሩ፤ በአጭሩ እግር በኩል ተቀምጠው አብረውት ይንገጫገጫሉ።

«ወዲህ ጠጋ ይበሉ፤ በዚህ በኩል ይሻላል» አልኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጠጋ አሉ።

«ምነው ያን ጫማ በጣልሽው ኖሮ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ሁለቱንም አድርገዋቸው ነበር፤ ጥቁር፣ ተረከዛቸው ያለቀ።



«አሁን ከፎቁ ማን ሊያወርደኝ ነው?» አሉ ቀጥለው።

«ይደውሉ። እኛ እናወርድዎታለን።»

«አንቺ ትመጫለሽ?»

«ፈረቃዬ ከሆነ» አልኩ።

ፍሬን ከውጭ ጡሩንባ ነፋ። ስነሳ ወንበሩ ተንገጫገጨ።