አርባ ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቀመጥ

ኮከብን ያላቃና ሰው በጋምቤላ ከተማ አልነበረም። ጎረቤቷ ኛጋች ሰላም ልትላት ስትገባ በትከሻዋ ይዛ ቀና ታደርጋታለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቋት ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ በግራ በኩል ይደግፏታል። ሁሉም ያቃናታል፤ ሁሉም ሲወጣ እሷ ተመልሳ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ሴትዮዋ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ የተንጋደደ የአጥር እንጨት አይደለችም፤ ግን ይህን ማን ይንገራቸው!

የባሰው ደግሞ ባሏ ተሰማ ነበር። የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ደግ፣ ደግነቱ መግቢያ መውጫ የሚያሳጣ ሰው። አዲስ አበባ ወስዶ ያስመረመራት እሱ ነው። በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ እንደሚባል፣ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን እንደሚጎዳ፣ ወገቧ አልጸና ያለውም በዚሁ የተነሳ እንደሆነ ሐኪሙ ነገራቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጠንካራ ጠፍጣፋ መቀመጫ፣ እግሯ መሬት በደንብ የሚረግጥበት፣ ከፊቷም ክንዷን የምታሳርፍበት ጠረጴዛ አዘዘችላት። "በጎኗ ትራስ አታብዙ፤ ሰውነቷ እሱ ላይ መውደቅ ይለምዳል" አለች። ተሰማ እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ። ጋምቤላ በተመለሱ በሳምንቱ ግን ሰው የሚውጥ የስፖንጅ ወንበር አሠራላትና በግራዋ ሦስት ትራስ ደረደረ።

"ተሰማ፣ እዚህ ውስጥ ሰጥሜ ነው የምጣመመው። የእንጨት ወንበር ስጠኝ።"

"ኮኪዬ፣ የታመመች ሚስቴን እንጨት ላይ አስቀምጬ ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ያስተምርልኛል?"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ አስተማሪው ሁሉ እንደ አዲስ እየተደለደለ ነበር። ርእሰ መምህሩ ኦጅዋክም ቁርጡን ነግሯታል።

"መምህርት ኮከብ፣ ባለፈው ስታዘነብዪ ልጆቹ ሒሳቡን ትተው አንቺን ደግፈው ያዙ። ሰኞ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ፣ ማንም ሳይደግፍሽ ተቀምጠሽ ታስተምሪያለሽ። ከቻልሽ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልቻልሽ ዕቃ ቤት ነው፤ ምን ላድርግ?"

ዕቃ ቤት! አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረች ሴት ጠመኔ ልትቆጥር!

ሰኞ ጠዋት ተሰማ ያንን ወንበር በራሱ ተሸክሞ፣ ትራሶቹን በብብቱ ሸጉጦ ትምህርት ቤት ደረሰ። ኮከብ ስታየው እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ። "ይዘህልኝ ውጣ" አለችውና በዱላዋ እየተደገፈች ሄዳ የአስተማሪው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯ መሬት ረገጠ፤ ክንዷ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ወገቧ ቀና አለ። ስፖንጁ ላይ አንድም ቀን እንዲህ ሆና አታውቅም።

ኦጅዋክ ከኋላ ተቀመጠ። ተሰማ ውጭ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ኮከብ ክፍልፋይ ማስተማር ጀመረች።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ድካሙ መጣባት፤ ሙቀት ጠላቷ ነው። ግራ ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ እግሯን አጽንታ፣ ጠረጴዛውን በክንዷ ገፍታ፣ መቀመጫዋን አስተካክላ ቀና ማለት ነው። የሚያስፈልጋት ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜ ግን ማን ሰጥቷት! በሩ ተበረገደና ተሰማ ትራስ ታቅፎ ገባ።

"እንዳትነካኝ!"

የተሰማ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ኮከብ እግሯን አጸናች፣ ጠረጴዛውን ገፋች፣ እየተንቀጠቀጠች በራሷ ጊዜ ቀና አለች።

"ስድስት ስምንተኛ ሲቃለል ስንት ነው?"

"ሦስት አራተኛ!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

አርባ ደቂቃው ሞልቶ ደወሉ ሲደወል ኦጅዋክ ተነሳ። "ክፍሉ ያንቺ ነው" አላት። ተሰማን በአገጩ እያመለከተ "ባልሽ ግን እዚህ አይገባም" ሲል ጨመረ።

ተሰማ ትራሱን እንዳቀፈ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ስትወድቂ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?" አላት።

"ዓመት ሙሉ ስወድቅ አየኸኝ" አለችው። "ስነሳ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠብቀህ አታውቅም።"

ተሰማ ወጣ፤ በሩንም ራሱ ዘጋው። ኮከብ አልጠራችውም።