የሙሽራው አፍንጫና የልጄ እራት

ሃያ ዓመት ሙሉ “ኪርቲ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ብላ” እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። ማን ሰማኝ? ልጄ ይስቃል። ምራቴ ቫርሻ “ባ ደግሞ ጀመሩ” ትላለች። ባ ማለት እናት ማለት ነው፤ እዚህ ሕንድ፣ ባቭናጋር ከተማ ሰፈርተኛው ሁሉ ባ ይለኛል፣ የምለውን ግን ማንም አይሰማም።

እኛ የጃይን እምነት ተከታዮች ፀሐይ ከገባች በኋላ እህል አንቀምስም፣ ውሃም አንጠጣም። ኪርቲ ግን ሌሊት አይስክሬም ሲልስ ኖሮ ደሙ ስኳር በስኳር ሆነ። ያኔ አንዲት ገና የወተት ጥርሷ የወለቀ የምትመስል ሐኪም “ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው፤ በምሽት የሚበላ ምግብ ስኳርህን ይሰቅለዋል፤ እራትህን በጊዜ ብላ” አለችው። ሮጦ መጣና ለእኔ አስረዳኝ! ለእኔ!

“ባ፣ ታውቂያለሽ? ሆድም እንደ ሰው ይተኛል አሉ!”

በከዘራዬ ልለው ምንም አልቀረኝም። ብቻ ከእንግዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ እበላለሁ ብሎ ማለ። የሚቀጥለው ምርመራ ካላማረ መርፌ ይጀመርልሃል ተብሏል፤ ልጄ ደግሞ ቁልፍ የሚተከልበትን መርፌ እንኳ ሲያይ ከክፍሉ ይሸሻል። እውነቱን ለመናገር በጊዜ መብላት ከጀመረ ወዲህ ቦርጩ ጎደለ፣ እንቅልፉም የሕፃን ሆነ።

በዚህ መሀል የሴት ልጁ የዝንካል ሠርግ ደረሰ። የሙሽራው ወገን በጊዜ እንመጣለን ብለው ነበር። ፀሐይዋ ጣራዎቹ ላይ ስትደርስ ገና መንገዱ ጥግ ላይ ይጨፍራሉ። ኪርቲ በር ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል።

“ባ፣ ዛሬ ብቻ ማታ ልብላ?”

“ዛሬ ብቻ እያልክ እኮ ነው እዚህ የደረስከው!”

“ታዲያ ሙሽራው ሳይገባ የሙሽራዋ አባት ይበላል? ሰው ምን ይለኛል?”

“እዚሁ ቁም” አልኩትና ከዘራዬን ይዤ ከበሮው መሀል ገባሁ። ሙሽራው ፓርሽቭ ፈረስ ላይ ተኮፍሷል። አንድ ወፍራም አጎቱ መሐረብ በጥርሱ ነክሶ የሠርጋችንን የእባብ ጭፈራ እየጨፈረ አስፋልቱ ላይ ይንፈራገጣል።

“አንተ ሰውዬ፣ ተነስ! እባብም ቢሆን በዚህ ሰዓት ጉድጓዱ ይገባል!”

“ባ፣ ይጨፍሩ እንጂ!” ብሎ እጄን ሳበኝ።

ጨፈርኩ! ወደ ኋላ እየተራመድኩ፣ ወደ በራችን እየሳብኳቸው። ከበሮው ተከተለኝ፣ ፈረሱም ተከተለኝ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ከከበሮው በላይ ይሰማ ነበር። ግን አጎትየው መንገዱ መሀል እንደገና ተጋደመ።

በአገራችን የሙሽራዋ እናት በር ላይ የሙሽራውን አፍንጫ ትይዛለች። አፍንጫው ከተያዘ ጭፈራው አበቃ፣ ሙሽራው ይገባል። “ዝቅ በል ልጄ፣ ልመርቅህ” አልኩት ፈረሱ ላይ ያለውን ፓርሽቭን። ጨዋ ልጅ ነው፣ ዝቅ አለ። አፍንጫውን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

“ተያዘ!” ሴቶቹ ጮኹ።

አጎትየው ብድግ አለ። “ይሄ የአማትየዋ ሥራ ነው! ደግሞም በር ላይ ነው እንጂ መንገድ ላይ ነው እንዴ?”

“አማትየዋ ፀጉሯን ገና እያበጠረች ነው። ፀሐይ አትጠብቃትም።”

“ባ፣ አፍንጫዬን…” አለ ፓርሽቭ እየተነፋነፈ።

“ግባና ትወስደዋለህ።”

ከፈረሱ አውርጄ በአፍንጫው እየጎተትኩ አስገባሁት። ፈረሱ ሲያናፋ፣ ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ፣ ምግቡ ቀረበ። ኪርቲ ምስሩንም ዱባውንም ቂጣውንም ጠራርጎ በላ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ጥልቅ አለች። እኔ በደስታ ስስቅ ስቅታ ያዘኝ።

ስቅታዬ ሳይለቀኝ የጌጡ አምፖሎች ቦግ አሉ። ኪርቲ ከጣፋጩ ጠረጴዛ በኩል ሹልክ ብሎ መጣ፤ አንድ ጉንጩ አብጧል።

“ኪርቲ፣ ፀሐይ ገብታለች።”

“አፍገባቭም!” አለ፤ “አልገባችም” ማለቱ ነው፤ መዳፉን ዘረጋልኝ። እኛ ማለዳ እህል የምንቀምሰው የመዳፋችን መስመር በብርሃን ሲታየን ነው፤ እሱ የማለዳውን ሕግ ለማታ አመጣው። ከአምፖሉ ሥር መስመሩን በጣቱ ያሳየኛል፤ በእርግጥም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

“እሱ የመብራት ሠራተኛው አምፖል ነው! ፀሐይ መሰለህ?”

ጉንጩን በእጁ ሸፈነ። ጢሙ ላይ የስኳር ሽሮፕ ያብለጨልጫል። ካህኑ ይጠብቃል፣ አማቶቹ ያያሉ፣ ፓርሽቭ አፍንጫውን ያሻል።

“ኪርቲ፣ አፍህን ክፈት።”